የቡድሃን ትምህርት ለአሜሪካውያን አንባቢዎች ከምጽዋት ጀምሬ ያስተዋወቅሁበት መንገድ

የቡድሂዝምን መሠረታዊ ትምህርት ለተራው አሜሪካዊ አንባቢ የሚያስተዋውቅ አጭር የንባብ ጽሑፍ እንዳዘጋጅና በጽሑፉ ላይ የሚደረጉትን የምሽት ውይይቶች እንድመራ የተጠየቅሁት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚካሄድ የጎልማሶች ትምህርት ላይ ነው። አንባቢዎቹ ቀን በሥራ የሚውሉ፣ ስለ እስያ ሃይማኖቶች በትምህርት ቤት እምብዛም ያልተማሩ፣ ሆኖም በቅን ልቡና ማወቅ የሚሹ ሰዎች ነበሩ። እኔ የዓለም ሃይማኖቶችን ታሪክ የማስተምር፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተሰብ ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ እንጂ የቡድሃ ተከታይ አይደለሁም። ስለዚህ ሥራውን የተቀበልሁት የሌላውን እምነት ባለቤቶቹ ሰምተው “አዎ፣ የእኛ ነው” በሚሉት መልክ የማቅረብ ግዴታ እንዳለብኝ አምኜ ነው።

አንባቢዎቹ ስለ ጉዳዩ ጨርሶ ሳይሰሙ የመጡ አልነበሩም። አንዳንዶቹ በስልካቸው የተመስጦ መተግበሪያ ይጠቀማሉ፤ ሌሎቹ በግቢያቸው ሐውልት አኑረዋል፤ በቻይና ምግብ ቤቶች የሚታየውን ሆደ ትልቅ ሳቂታ ምስል ቡድሃ ነው ብለው የሚያምኑም ብዙዎች ነበሩ፤ ምስሉ ግን በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቻይና እንደኖረ የሚነገርለት ቡዳይ የተባለ መነኩሴ ነው። ከሁሉ በላይ የተስፋፋው አስተሳሰብ ቡድሂዝም ሃይማኖት ሳይሆን አእምሮን የማረጋጊያ ዘዴ ነው የሚለው ነበር። ይህ አስተሳሰብ የራሱ ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ቡድሂዝምን ያወቁት በአብዛኛው ከጥንታዊ ጽሑፍ ነው፤ ፓሊ በተባለው ጥንታዊ የሕንድ ቋንቋ የቆዩትን የቡድሂዝም ጽሑፎች ለማሳተም በለንደን እ.ኤ.አ. በ1881 የተቋቋመው ማኅበር ያበረከተው አገልግሎት ታላቅ ቢሆንም፣ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው ያገኘው ትምህርቱን እንጂ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ለመነኮሳት ሩዝ የምትቀቅለውን ሴት አልነበረም። ቆይቶም ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመስጦን ከሃይማኖታዊ ቋንቋ ለይተው ለሕሙማን አቀረቡት። ይህም ለብዙ ሰው እፎይታ ሆኗል፤ ነገር ግን አንባቢዎቼ ይህን አንዱን ክፍል እንደ ሙሉው ይዘውት ነበር።

የመጀመሪያውና ከባዱ ውሳኔ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነበር። ያገላበጥኋቸው የመግቢያ ጽሑፎች አብዛኞቹ በአራቱ ክቡራን እውነቶች ይከፍታሉ፦ መከራ አለ፤ የመከራ ምንጭ ጥማት የተሞላ ምኞት ነው፤ መከራ ሊቆም ይችላል፤ ወደዚያ የሚያደርስ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ አለ። ቡድሃ በሕንድ በሳርናት፣ በአጋዘኖቹ ጥብቅ ስፍራ የሰጠው የመጀመሪያ ስብከት ይህ በመሆኑ ምርጫው ተገቢ ይመስላል። ሆኖም ያን ስብከት የሰሙት እነማን እንደሆኑ ልብ ማለት ያስፈልጋል። አድማጮቹ ዓለምን ትተው ለዓመታት ሥጋቸውን በጾምና በተጋድሎ ያደከሙ አምስት ባሕታውያን ነበሩ። ቡድሃ ባለትዳርና ባለንብረት ለሆነ አዲስ አድማጭ ሲናገር ግን የፓሊው ቅዱስ መጽሐፍ ሌላ ሥርዓት ይነግረናል፤ በቅድሚያ ስለ መስጠት፣ ቀጥሎ ስለ መልካም ምግባር፣ ከዚያ ስለ ሰማያት፣ ከዚያም ሥጋዊ ደስታ ስላለው አደጋና ስለ መተው ጥቅም ያስተምራል፤ የአድማጩ ልብ መለስለሱን ሲያይ ብቻ አራቱን እውነቶች ይገልጽለታል፤ ያን ጊዜ እድፉ የለቀቀ ጨርቅ ቀለምን በሚገባ እንደሚቀበል ሰውየው ትምህርቱን ይቀበላል ይላል።

እኔም ይህንኑ ሥርዓት ተከተልሁ፤ ከሥራው ሁሉ የምኮራበትም ይህ ነው። ለመክፈቻ የመረጥሁት የኡፓሊን ታሪክ ነበር። ኡፓሊ በናላንዳ የሚኖር፣ ጃይን የተባለውን ሌላ የሕንድ ሃይማኖት መነኮሳት ሲረዳ የኖረ ባለጸጋ ሲሆን፣ ቡድሃን በክርክር ሊረታ ሄዶ ራሱ ተረትቶ ደቀ መዝሙር ልሁን ሲል ቡድሃ አስቀድሞ በጥሞና እንዲያስብ ይመክረዋል፤ አክሎም ቤቱ ለጃይን መነኮሳት ለረጅም ዘመን የምንጭ ያህል እንደነበረ አስታውሶ ምጽዋቱን እንዳያቋርጥባቸው ያሳስበዋል። አንባቢዎቼ በዚህ ታሪክ ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ስለ ኒርቫና፣ ማለትም ስለ መከራ ፍጹም መቆም፣ አንዲት ቃል ሳይሰሙ፣ አስተማሪው ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ አወቁ።

ከዚያ በሉዋንግ ፕራባንግ፣ በላኦስ፣ በየማለዳው የሚታየውን የምጽዋት ሥርዓት ገለጽሁላቸው። መነኮሳቱ ጎድጓዳ ዕቃቸውን ይዘው በዝምታ በሰልፍ ያልፋሉ፤ ምእመናን በርከክ ብለው ሩዝ ያኖሩላቸዋል፤ ተቀባዩም አያመሰግንም። “ለምን አያመሰግንም?” የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። መልሱ በረከቱን የሚያገኘው ሰጪው ስለሆነ፣ መነኩሴው ዕድሉን ሰጪ ነው የሚል ነው። እዚህ ላይ አስተዳደጌ ረድቶኛል። የቆሎ ተማሪ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ ደጅ ለደጅ በሚዞርበት አገር ያደገ ሰው፣ ምጽዋት ለተቀባዩ ውርደት፣ ለሰጪው ችሮታ ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ልዩነቱንም አልሸፈንሁም፤ የእኛ ጾመኛ እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ ሳይቀምስ ሲቆይ፣ የቡድሃ መነኩሴ በተቃራኒው ከቀትር በኋላ ጠንካራ ምግብ አይቀምስም።

አምስቱ የምግባር ሕግጋት፣ ማለትም ሕይወት ከማጥፋት፣ ያልተሰጠን ነገር ከመውሰድ፣ ከዝሙት፣ ከሐሰትና ከሚያሰክር ነገር መራቅ፣ ለአንባቢዎቼ ከዐሠርቱ ትእዛዛት ጋር የሚመሳሰሉ ሆነው ታዩአቸው። ተመሳሳይነቱን ተቀብዬ፣ ምእመኑ ሕጎቹን የሚወስዳቸው ራሱን ለማሠልጠን በራሱ አንደበት ቃል በመግባት እንደሆነ አስረዳሁ።

አራቱ እውነቶች ላይ የደረስነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። “ይህ ትምህርት ተስፋ አስቆራጭ ነው” የሚለው የተለመደ ክስ እንደሚነሣ ስለማውቅ፣ አስቀድሜ ያስነበብሁት በትውፊት የሚታወቀውን የኪሳ ጎታሚን ታሪክ ነበር። አንድ ልጇ የሞተባት እናት ሬሳውን ታቅፋ መድኃኒት ስትለምን፣ ቡድሃ ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት የሰናፍጭ ፍሬ እንድታመጣ ይልካታል፤ በየቤቱ ሰናፍጭ አለ፣ ሞት ያልገባበት ቤት ግን የለም። ሴትዮዋ ልጇን ቀብራ ትመለሳለች። ከአንባቢዎቹ መካከል በቅርብ ሐዘን የደረሰባቸው ነበሩና በዚያ ምሽት ማብራሪያ አላበዛሁም። መከራን በስሙ መጥራት ተስፋ መቁረጥ እንዳልሆነ ታሪኩ ራሱ ነገራቸው፤ ሦስተኛው እውነት፣ መከራ ሊቆም ይችላል የሚለው፣ የትምህርቱ ዋና የምሥራች መሆኑንም ከዚያ ተነሥቼ ማሳየት ቻልሁ። ስምንቱን የመንገዱን ክፍሎች በሦስት መደብሁ፦ ጥበብ፣ ምግባርና የአእምሮ ሥልጠና። በስልካቸው የሚለማመዱት ነገር የመጨረሻው መደብ አንድ ቅንጣት መሆኑን ሲያዩ ብዙዎቹ ተደነቁ።

ከሁሉ የከበደው ቋሚ የሆነ “እኔ” የለም የሚለው ትምህርት ነበር። ለዚህ የተጠቀምሁት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ምዕራብ ሕንድ የነገሠው ግሪካዊው ሜናንደር፣ በፓሊ አጠራር ሚሊንዳ፣ ከመነኩሴው ከናጋሴና ጋር ያደረገው ተብሎ የተጻፈውን ውይይት ነው። ናጋሴና ንጉሡን የመጣበት ሠረገላ መንኰራኩሩ ነው ወይስ ዘንጉ ወይስ ቀንበሩ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ንጉሡም ሠረገላ የሚባለው ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ የሚሰጥ ስም እንደሆነ ያምናል፤ ሰውም እንዲሁ ነው ይለዋል መነኩሴው። ጠያቂው ግሪካዊ መሆኑ አንባቢዎቼን አቀረባቸው፤ እነርሱ ሊጠይቁ የፈለጉትን እርሱ ቀድሞ ጠይቆላቸዋል። ነፍስ ከሌለ ዳግም የሚወለደው ማን ነው ለሚለውም ያው ጽሑፍ ከመብራት ወደ መብራት የሚለኮስን ነበልባል ይጠቅሳል፤ አዲሱ ነበልባል ያው የቀድሞው አይደለም፣ ፍጹም ሌላም አይደለም።

ዳግም ልደትን፣ ሰማያትንና ለቡድሃ አጽም የሚደረገውን ክብር ከጽሑፉ እንዳወጣ የመከሩኝ ነበሩ፤ ለዘመናዊ አንባቢ ይከብዳል በሚል። አልተቀበልሁም። አንባቢ የማያምንበትን ነገር ሌሎች እንደሚያምኑበት ማወቅ ይችላል፤ ከእርሱ አስተሳሰብ ጋር የሚስማማውን ብቻ መርጦ ማቅረብ አንባቢውንም አማኞቹንም ማሳነስ ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ። በዚሁ ምክንያት በቡድሃ ስም የሚዘዋወሩ ጥቅሶችን ከፓሊው መጽሐፍ ምንጫቸውን ካላገኘሁ አላስገባሁም። የካላማ ሰዎች የሰሙት ስብከት ለምሳሌ “ደስ ያለህን እመን” ተብሎ ሲጠቀስ ይሰማል፤ ጽሑፉ ግን በወሬና በትውፊት ብቻ ሳይሆን በራስ አመክንዮ ብቻም አትደገፉ ይላል፤ ጠቢባን የሚያመሰግኑትንም መዝኑ ብሎ ያክላል።

ረቂቁን ያስነበብሁት በዲሲ 16ኛው ጎዳና ላይ በሚገኘው፣ ቴራቫዳ የተባለው በፓሊው መጽሐፍ የሚመራ የቡድሂዝም ክፍል በሆነው ገዳም ለማውቃቸው መነኩሴ ነበር። እርሳቸው በቡድሃ፣ በትምህርቱና በማኅበሩ መጠጊያ ማግኘት የሚለው ምእመናን ዘወትር የሚደግሙት ቃል በሰፊው እንዲገባ ጠየቁ፤ ያ ክፍልም ጽሑፉን የእምነት ጽሑፍ አደረገው። ገዳሙን የጎበኙ አንባቢዎች ከጠበቁት ጸጥታ ይልቅ ሕፃናትን፣ ምግብ ይዘው የመጡ ቤተሰቦችንና አበባን አገኙ። ስለ ጃፓናውያን ስደተኞች የንጹሕ ምድር እምነት የጻፍሁት ምዕራፍም እንዲሁ ጠቅሟል፤ የእነርሱ ምእመን በዋነኛነት የሚያደርገው ተመስጦ መቀመጥ ሳይሆን አሚዳ የተባለውን፣ ከታሪካዊው ቡድሃ የተለየ ሰማያዊ ቡድሃ ስም በእምነት መጥራት ነው፤ ቤተ እምነቶቻቸውም በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተዋል።

የመጨረሻው ንባብ የበራላምና የይዋስፍ ታሪክ ነበር። የቡድሃ የወጣትነት ታሪክ ከሕንድ ተነሥቶ፣ በዐረብኛና በጆርጂያኛ አልፎ፣ ክርስቲያናዊ ገድል ሆኖ አውሮፓን አዳርሷል፤ በሮም ቤተ ክርስቲያን መዝገብም ሁለቱ ኖቬምበር 27 ቀን ሲታሰቡ ኖረዋል። ወደ ግእዝ የመለሱት ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 ነው፤ ከየመን መጥተው ክርስትናን የተቀበሉ ሊቅ ነበሩ። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው። በቡድሃው ታሪክ ልዑሉ ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ ሬሳና ባሕታዊ ያያል፤ በክርስቲያኑ ደግሞ በሽተኛ፣ ዕውርና ሽማግሌ ያይና ከባሕታዊው በራላም ስለ እግዚአብሔርና ስለ ዘለዓለም ሕይወት ይማራል። አንባቢዎቹ ጥያቄው አንድ፣ መልሱ የተለያየ መሆኑን ራሳቸው አወጡ፤ አንዲት አዛውንት ሴት ግን የትኛው ልዑል የበለጠ እንደተወ ጠይቀው ክርክሩ ሰዓታችን እስኪያልቅ ቀጠለ። በሚቀጥለው ዙር ይህን ንባብ ከኡፓሊ ታሪክ ቀጥሎ ወደ ፊት አምጥቼ፣ የገዳሙ ጉብኝት ደግሞ አራቱ እውነቶች ከመነበባቸው በፊት እንዲሆን አድርጌያለሁ።