ከተጣለ ስንት ቀኑ ነው?

«ፐርሰንቱ ስንት ነው?» አለች እህቴ።

ቡራዩ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለ አንድ ጠጅ ቤት ውስጥ ነበርን። ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ። ባለቤቷ ብርሌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ቀና ብለው አዩዋት። «የምን ፐርሰንት? ባንክ መሰለሽ እንዴ?» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እህቴ ማስታወሻ ደብተሯን ከደነች።

እህቴ ቦሌ አካባቢ አንድ ባር ውስጥ ኮክቴል ትሠራለች። እሷ ጋ ሁሉም ነገር ቁጥር አለው። የጂኑ አልኮል 40 ፐርሰንት ከሆነ 40 ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ሎሚው እንኳ በሚሊ ሊትር ነው የሚለካው። ከክረምቱ ወዲህ አንድ ሐሳብ ይዟት አልለቅ ብሏል። «ሞሂቶና ማርጋሪታ ስንበጠብጥ እንውላለን፤ በገዛ ጠጃችንና በገዛ አረቄያችን ለምን አንሠራም?» ትላለች። እኔ ስለ ኮክቴል የማውቀው ነገር ቢኖር ውድ መሆኑን ነው። ግን ቪትዝ አለችኝ። እሷ ትቀምሳለች፣ እኔ እነዳለሁ ተባብለን ተስማማን።

ቅዳሜ በአምቦ መንገድ ቡራዩን፣ መናገሻን፣ ሆለታን። ማታ ሆለታ አክስታችን ቤት ማደር። እሁድ ተመልሶ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ። በቃ፣ ዕቅዱ ይኸው ነበር። መሀል ከተማ ጥሩ ጠጅ የለም እያልኩ አይደለም። ዳር ዳሩን የመረጥነው ጣዮቹን ራሳቸውን ለማግኘት ነው። ከተማ ውስጥ አስተናጋጅ ነው የምታናግረው፤ እዚያ ግን የሚቀዱልህ ሴትዮ ጋኑን ያጠኑት ራሳቸው ናቸው። ወሩን ደግሞ እኔ ነኝ የመረጥኩት። ኅዳር መጀመሪያ፣ የአደይ አበባ ማር ወርዶ ጾሙ ሳይገባ። ጠጅ በጾምም ይጠጣል፣ ክልክል የለውም። እኔ ግን ጠጅ ሳልጠጣ እየነዳሁ ጥብስም ሊያመልጠኝ አይገባም ባይ ነኝ።

ስንነሳ ያልተሰላው የቤንዚን ሰልፍ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ዓርብ ማታ ሞልቼ ማደር ነበረብኝ።

ወደ ቡራዩው ቤት ልመለስ። ከሳቁት ሽማግሌዎች አንደኛው እህቴን አዘኑላት መሰለኝ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። «ልጄ፣ ጠጅ ፐርሰንት የለውም። ከተጣለ ስንት ቀኑ ነው ብለሽ ጠይቂ። እሱን ካወቅሽ ሁሉንም አወቅሽ» አሏት።

ነገሩ ገብቶኝ የነበረው ግማሹ ብቻ ነው። ጠጅ ቤት ውስጥ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ሲባል እሰማለሁ። ለስላሳው ይጣፍጣል፣ ደረቁ ይመታል፣ እዚያ ላይ ያበቃል። ለካ ሦስቱም አንድ ጋን ሊሆኑ ይችላሉ። የማሩ ስኳር በእርሾ ቀስ በቀስ ወደ አልኮል ይለወጣል። ቀኑ በገፋ ቁጥር ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። ስለዚህ ሽማግሌው ያሉት ቁጥር የእህቴ ፐርሰንት ነው፤ በቀን የተጻፈ ፐርሰንት። እህቴ ደብተሯን መልሳ ገለጠችና በፐርሰንቱ ዓምድ ላይ ሰረዝ አድርጋ «ቀን» ብላ ጻፈችበት።

መናገሻ ላይ ያን ጥያቄ እኔው ራሴ ረሳሁት። ፀሐዩ ከሯል፣ እኔ ደግሞ ነጂ ነኝ። አንድ ቤት ገብተን ለእሷ ጠጅ፣ ለእኔ ብርዝ አዘዝን። ብርዝ ማርና ውሃ ነው፤ ጌሾ የለው፣ ስካር የለው። ቀዝቃዛ ነበር። አንዱን ብርሌ ባንድ ትንፋሽ ጨረስኩ። ሁለተኛውን ደገምኩ። ከዚያ ጆሮዬ ሞቅ አለ። ያለ ምክንያት ፈገግ ማለት ጀመርኩ። እህቴ አየችኝና ብርሌዬን አንስታ አሸተተች፣ ትንሽ ቀመሰች፣ ወደ ቀጂዋ ዞረች።

«እትዬ፣ ይሄ ብርዝ ከተበረዘ ስንት ቀኑ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ ነው። ምነው?»

ብርዝ ሲውል ሲያድር ጌሾም ባይገባበት ራሱን ችሎ ይፈላል። እኔ ይህን ያወቅሁት በ38 ዓመቴ፣ መናገሻ ላይ፣ የመኪና ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው። ቁልፉን ለእህቴ ሰጠኋት። እሷም ቀምሳለችና መንዳት አትችልም። ሁለታችንም ጥብስ በልተን፣ ውሃ ጠጥተን፣ አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ነገሥታት ዘውድ የጫኑባት ናት የምትባለውን ኮረብታ አሻግረን እያየን፣ ልጆች ሳለን እናታችን የበዓል ጠላ ስታጠልል ቅራሪውን ሰርቀን የጠጣንበትን ቀን አነሳን። ከዚህ ጉዞ በጣም የወደድኩት ሰዓት ያ ነው። በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ በኋላ እኔ አምቦ ውሃ ብቻ ነው የጠጣሁት።

ሆለታ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። አክስታችንን እታለም እንላታለን። ለሽያጭ አትጥልም፤ ለበዓልና ለዝክር ብቻ። ግን የሚጥሉት ሴቶች ሁሉ እሷ ጋ መጥተው ያማክራሉ። የመጣንበትን ስትሰማ «ለዚህ ብላችሁ ቤንዚን አቃጠላችሁ?» አለች። ከዚያ ግን ጓዳ አስገባችን።

ጋኑን አሳየችን። መጀመሪያ በግራዋ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። «ይሄን የዘለለች ሴት ሌላውን ብትሠራ ባትሠራ አንድ ነው» አለች። ማሩ ያልተጣራው፣ ከነሰፈፉ ያለው ነው። ጠንከር እንዲል አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ፤ ለልማዱ አንድ ለአራት። ከጥቂት ቀን በኋላ የተቀቀለ ጌሾ ይገባበታል። እዚህ ላይ እህቴን በእጇ ጎትታ አንድ ከረጢት አስከፈተቻት። ውስጡ የተከተፈ እንጨት ነው። «የጌሾ ቅጠል ለጠላ ነው። ለጠጅ እንጨቱ። ቅጠል የበዛበት ጠጅ ምላስ ላይ ይቀራል፣ አይወርድም።» እህቴ አንዱን ስንጥር አኘከችና ፊቷን አጨማደደች። እታለም ከጋኑ በቅል ጨለፈች፤ ለእኛ ከመስጠቷ በፊት ጠብታ በመዳፏ ላይ አድርጋ ቀመሰች። ቀጂ መጀመሪያ ራሷ ትቀምሳለች። ባሩ ውስጥ እህቴ በቀጭን ማንኪያ የምታደርገውን እታለም በመዳፏ አደረገችው።

ማታ ኮክቴሉ ተሞከረ። እህቴ ሼከሯን፣ ያንን ባለ ክዳን የኮክቴል መበጥበጫ፣ ከቦርሳዋ አወጣች። ጂን፣ ሎሚና ማር ያለበት ቢዝ ኒዝ የሚባል ኮክቴል አለ፤ ፈረንጆቹ በራሳቸው አቆጣጠር በ1920ዎቹ ያወጡት ነው። እሷ የምትለው፣ ማሩን አውጥተን በቦታው ደረቅ ጠጅ ብናስገባ፣ በጂኑ ፋንታ ዳግም አረቄ ብናደርግስ ነው። 90 ሚሊ ሊትር ጠጅ፣ 30 ዳግም አረቄ፣ 20 የሎሚ ጭማቂ፣ በረዶ። ክዳኑን ገጠመች፣ ወዘወዘች።

ሼከሩ ተኮሰ። ሌላ ቃል የለኝም። ጠጅ በሕይወት ያለ መጠጥ ነው፣ ጋዝ አለው። ክዳኑ ጣሪያ ነክቶ ተመለሰ፣ ጠጁ የእታለምን የግድግዳ ሰዓት አጠበው። የሥላሴ ሥዕል ግን ለጥቂት ተረፈ። እታለም ሳቋን ጨርሳ ጨርቅ ስታመጣ «ይሄ መጠጥ ነው ጥይት?» አለች።

ሁለተኛውን እህቴ በማንኪያ ብቻ አዋሃደችው። ጠጁን መጨረሻ ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። ቀመስኩ፣ በምላሴ ጫፍ ብቻ። መጥፎ አልነበረም። ግን አረቄው ፊት ፊት ይላል፣ ጠጁን ይደፍቀዋል። እታለም አንድ ጊዜ ተጎነጨች። ምንም ሳትል ወደ ጓሮ ወጣች፣ የጤና አዳም ቀንበጥ ይዛ ተመለሰች፣ በሁለት ጣቷ ፈተግ ፈተግ አድርጋ ብርጭቆው ውስጥ ጣለችው። «አሁን ጠጪው።»

እህቴ ጠጣች። ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ይሄማ…» አለችና ሳትጨርስ ደብተሯን ፈለገች። ባር ውስጥ ሦስት ወር ሙሉ ሲጠፋባት የነበረው ነገር እታለም ጓሮ ውስጥ፣ ቡና ላይ የምንጥለው ቅጠል ሆኖ ተገኘ። አረቄውንም ወደ 15 አወረደችው።

እሁድ ቡና ጠጥተን ተነሳን። በአስኮ፣ በዊንጌት፣ በአዲሱ ገበያ አድርገን ሱሉልታ ገባን። ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ሯጮች ብቻ ናቸው መንገድ ላይ ያሉት። ቤቶቹ በሙሉ ዝግ ናቸው። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ሳያልቅ ማን ይከፍታል? ይህን ለመረዳት ሱሉልታ ድረስ መምጣት አያስፈልግም ነበር። መኪና ውስጥ ኩርምት ብለን ጠበቅን።

መጀመሪያ የተከፈተው እንጨት ላይ ጣሳ የተደፋበት ጠላ ቤት ነው። የገብስ ጠላ፣ ጠቆር ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል። እዚያ እህቴ ሌላ ሰው ሆነች። ደብተር አላወጣችም። ተቀምጣ፣ ሁለት ጊዜ ተጎንጭታ፣ «እማማ፣ ከተጣለ ስንት ቀኑ ነው?» አለች። ሴትዮዋ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። አሻሮው፣ ብቅሉ፣ የልጃቸው ሠርግ፣ የማር ዋጋ፣ ሁሉም መጣ። በኦሮምኛ ጠጅ ዳዲ፣ ጠላ ፈርሶ እንደሚባልም ነገሩን። አንድ ሰዓት አለፈ። ሲጨርሱ «ጠጅ ከፈለጋችሁ እኔ ልላካችሁ» ብለው አንዲት ልጅ አስከተሉን። ብቻችንን ብንፈልግ የማናገኘው ቤት ነው፣ ምልክት የለው፣ ጣሳ የለው።

የዚያ ቤት ጠጅ 18 ቀኑ ነበር። ደረቅ፣ ግን ማሩ ከዋጡት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። ሁለት ሊትር በሃይላንድ ገዛን። ሴትዮዋ ሲሰጡን «ክዳኑን አታጥብቁት፣ ይተንፍስ» አሉ።

እህቴ ሰምታለች። እኔም ሰምቻለሁ። ግን መኪናዬ ናት፣ ወንበሩ ጨርቅ ነው፣ ኮሮኮንች አለ። እሷ ዞር ስትል ክዳኑን ጠምዝዤ አጠበቅሁት። ማታ የፈነዳው ሼከር በእውነት ምንም አላስተማረኝም።

ሱሉልታን ለቀን ዳገቱን ስንወጣ ሃይላንዱ አበጠ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ክዳኑ ዘለለ። ግማሹ የኋላ ወንበር ላይ፣ ግማሹ ጣሪያው ላይ፣ ትንሹ ማጅራቴ ላይ። እህቴ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ «አጥብቀኸው ነበር?» አለች። «ትንሽ» አልኩ።

ቁልቁለቱን ጨርሰን ከተማ ስንገባ ትራፊክ አስቆመን። መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ ሽታው ቀድሞኝ ወጣ። ፖሊሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መንጃ ፈቃዴን ተቀበለ፣ የትንፋሽ መመርመሪያውን አመጣ። «ንፋ።» ነፋሁ። መሣሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ መሣሪያውን መታ መታ አደረገና «ድገም» አለኝ። ደገምኩ። ዜሮ። አንገቱን አስግጎ የኋላውን ወንበር ተመለከተ፣ ባዶ ሊሆን የተቃረበውን ሃይላንድ፣ ጭኗ ላይ ብርሌ ታቅፋ የተቀመጠችውን እህቴን።

«አንተ አልጠጣህም» አለ መንጃ ፈቃዴን እየመለሰ። «መኪናህ ናት የጠጣችው። ሂድ።»

የተረፈው ጠጅ ወደ ሦስት ብርጭቆ ይሆናል። እህቴ የዚያኑ ማታ ለአለቃዋ ሠርታ አቀመሰችው፤ በ15 አረቄ፣ በማንኪያ፣ በጤና አዳም። ለገና እንዲሞከር ፈቅዶላታል። ያ የታቀፈችው ብርሌ ግን አንገቱ ላይ ስንጥቅ ነበረው፤ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ እንዲሉ፣ አሁን እርሳስ ማስቀመጫ ሆኗል።

እኔ መኪናዋን እሁድ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ ጨርሻለሁ ብዬ ተኛሁ። ሰኞ አምስት ሰዓት ላይ የቢሮአችን ጥበቃ ፎቅ ድረስ መጥቶ አስጠራኝ። መስኮቷን ትንሽ ከፍቼ ትቼው ነበር።

«ጋሼ» አለኝ፣ ከመኪናዋ አሥር እርምጃ ርቆ ቆሞ። «ውስጥ ቀፎ ጭነሃል እንዴ? ንቡ እኮ ወረራት።»