ቅንጦት አይደለም

የአገሬ ሴቶች እኔ ጋ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ይቅርታ በመጠየቅ ነው የሚጀምሩት። «ዶክተር፣ ነፍሴ መትረፏ አይበቃም ወይ? ቅንጦት እንዳይመስልብኝ» ይላሉ። እዚህ አሜሪካ በካንሰር ጡታቸውን ላጡ ሴቶች ጡት መልሼ መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። ይቺ «ቅንጦት» የምትል ነገር ግን ዛሬም ታመኛለች።

ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ከሴትየዋ ከራሷ ሆድ ተወስዶ የሚሠራውን ነው። ከእምብርት በታች ያለውን ቆዳና ስብ ከነደም ሥሩ እናነሳለን። የሆድ ጡንቻዋን አንወስድባትም። ከዚያ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሆኑትን የደም ሥሮች ደረቷ ውስጥ ካሉት ጋር በማይክሮስኮፕ እያየን እንሰፋለን። ክሩ ከፀጉር ይቀጥናል። ደሙን አግዶ የያዘው መቆንጠጫ ሲለቀቅ ደም ይገባና የገረጣው ቆዳ ቀስ በቀስ ይቀላል። ያኔ ልቤ ይዘላል፤ እስካሁን አልለመድኩትም። የመጀመሪያዋን ሌሊት ነርሶቹ ቀለሙንና ሙቀቱን እያዩ፣ የደሙን ድምፅ ዶፕለር በሚባል መሣሪያ እያዳመጡ ያነጋሉ።

ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒው ኦርሊንስ ላይ ለጡት ያዋሉት ዶክተር ሮበርት አለን ናቸው። ከዚያ በፊት፣ ገና በ1906፣ ጣልያናዊው የቀዶ ሐኪም ታንሲኒ ከጀርባ ጡንቻና ቆዳ አዙሮ ደረት የሚሸፍንበትን መንገድ አሳይቶ ነበር። ግን በዘመኑ ትልቅ ስም የነበረው አሜሪካዊው የቀዶ ሐኪም ሃልስቴድ እንዲህ ያለውን ነገር ይቃወም ነበር። የታንሲኒ ጥበብ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ተረስቶ ቆየ። በመሃል ስንት ሴት ምርጫ ሳይኖራት እንዳለፈች ሳስብ ያንገበግበኛል።

የሚያስቆጨኝ ዛሬም ሳይነገራቸው የሚቀሩት ናቸው። አንዲት እናት ሁሉንም በደንብ ካዳመጡኝ በኋላ፣ የሚሠራው ጡት የቀድሞው ዓይነት ስሜት እንደማይኖረውም ጭምር፣ «ልጄ፣ ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን እንዲሁ ደህና ነኝ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሸኘኋቸው። አውቀው ነው የወሰኑት።

ለሌሎቻችሁ ይህን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ፣ ጡት ማስወገድን የሚሸፍን አብዛኛው የጤና ኢንሹራንስ መልሶ መሥራቱንም እንዲከፍል ያስገድዳል። ሌላኛውን ጡት ማመጣጠንም ይጨምራል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጡታችሁ ከተወገደ ዓመታት ቢያልፉም ኑ፤ ያኔም መሥራት ይቻላል።