ዳገት እችላለሁ ብዬ የገባሁበት ጉድ

ባለፈው እሁድ 38 ሰው በተነሳበት የጎዳና ብስክሌት ውድድር 11ኛ ወጣሁ። አውቃለሁ፣ 11ኛ ወጣሁ ብሎ የሚጽፍ የለም። ግን የዛሬ ሁለት ዓመት እዚያው መንገድ ላይ በሁለተኛው ዙር ከቡድኑ ተቆርጬ ብቻዬን ስፈጋ፣ መንገዱ የተዘጋው በግማሽ ብቻ ስለነበር በወዲያኛው መስመር የሚሄድ ባጃጅ ቀስ ብሎ አጠገቤ ደረሰና ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «አይዞህ ጀግናው፣ ደርሰሃል!» አለኝ። ገና ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረኝ ነበር።

እኔ ከሩጫ ነው የመጣሁት። ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን መሰለኝ። ጉልበቴ አስቸግሮኝ ሐኪም ሩጫውን ለጊዜው ተወው ሲለኝ ብስክሌት ጀመርኩ። የሦስት ወር ደሞዜን አውጥቼ አንድ ያገለገለች የጎዳና ብስክሌት ገዛሁ። ቀለሟ ነው የማረከኝ። ስለ ፍሬም ቁጥር፣ ማለትም ስለ ብስክሌቷ ልክ፣ የጠየቅኩትም የነገረኝም ሰው የለም። ቁመቴ 1.74 ነው፣ የገዛኋት ባለ 58 ናት፤ ለእኔ 54 ነበር የሚሆነኝ። ስድስት ወር ሙሉ ወገቤንና አንገቴን ሲያመኝ «ስላልለመድኩ ነው» እያልኩ ቻልኩት። ለምትገዙ ሰዎች፦ ቀለሙን ተዉት፣ መጀመሪያ ቁጥሩን እዩ። እኔ አጠር ያለ የመሪ አንገት አስገጥሜ ኮርቻውን ወደ ፊት አስጠጋሁና እስካሁን በእሷው ነኝ። ሌላ መግዣ የለኝማ።

ዳገት ላይ ግን ከመጀመሪያውም ደህና ነበርኩ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ስንወጣ ከእኔ ቀድመው የጀመሩ ልጆችን ጥያቸው እሄዳለሁ። 64 ኪሎ ነኝ፣ ከሩጫው የተረፈ ሳንባ አለኝ፣ ተወልጄ ያደግኩት ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ብሎ በተቀመጠ ከተማ ነው። ልቤ አበጠ። ውድድር ብገባ ማን ያቆመኛል አልኩ።

ያቆመኝ ዩተርን ነው።

ውድድሩ 60 ኪሎ ሜትር ነበር። በሰፊው አስፋልት 5 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ፣ መሐል ላይ የቆመውን ኮን ዞረህ ትመለሳለህ፣ እንደገና ትዞራለህ። ስድስት ዙር፣ 11 መዞሪያ። ፊት ያለው ሰው ኮኑ ጋ ሲደርስ ፍሬኑን ነካ አድርጎ ዞሮ ይሄዳል። ሁለተኛው ትንሽ ጠበቅ ያደርጋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሱ የባሰ ይይዛል። ሠላሳኛ ከሆንክ ቆመሃል በለው፣ እግር ለማውረድ ምንም አይቀርህም። አንተ ገና መሪህን ስታዞር ፊተኛው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይበራል። እሱ 11 ጊዜ ዞረ፣ አንተ ግን 11 ጊዜ ከቆምክበት ተነስተህ ስፕሪንት ሠራህ፣ ባለህ ጉልበት ሁሉ ፈጠንክ። እና እኔ፣ ኃይል ልቆጥብ ብዬ፣ እንደ ጨዋ ሰው መጨረሻ ላይ ተሰልፌ ነበር!

ሦስተኛው መዞሪያ ላይ ከፊቴ ካለው ልጅ ጎማ ጋር የነበረኝ ክፍተት ሁለት ሜትር ሆነ። ቀጥሎ አምስት። ቀጥሎ አሥር። አሥር ሲሆን ንፋሱ ፊቴን መታኝ፣ የዚያን ጊዜ ነው ማለቁን ያወቅኩት። ከሰው ጀርባ ተጠግተህ ስትነዳ ከጉልበትህ ሲሶ ያህሉ ይተርፍልሃል። ያ ሲሶ በአንዴ ሲወሰድብህ ሳንባ ምንም አያደርግልህም። አራተኛውን ዙር ሳልጨርስ መሪዎቹ አንድ ሙሉ ዙር ቀድመውኝ ከኋላዬ ደረሱብኝና ዳኛው ባንዲራ አውለብልቦ አስወጣኝ።

ሰኞ ወደ ኮተቤ ሄድኩ። ብስክሌቴን የሚሠሩልኝ ጋሼ እዚያ ናቸው፣ በወጣትነታቸው መቀሌ ሲወዳደሩ የነበሩ። ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከሩ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋሉ።

«ጋሼ፣ እግሬ ከዳኝ» አልኳቸው።

ቀና እንኳ አላሉም። «ስንተኛ ሆነህ ነው የምትዞረው?»

«መጨረሻ አካባቢ ነበርኩ።»

«እንዴ! ታዲያ እግርህ ምን በወጣው?»

አረፋዋ ቡልቅ ቡልቅ ስትል ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ያዙት፣ ከዚያ ነው ያዩኝ። «እንጦጦ ላይ ብቻህን ነህ ልጄ። ብቻህን መንዳትማ ታውቃለህ። ከሰው ጋር መንዳት ነው የማታውቀው።»

ተናድጄ ነው የወጣሁት። ከሩጫ የመጣ ሰው እንዲህ ሲባል ደስ አይለውም። ለእኛ ጠንካራው ይቀድማል፣ አለቀ። ቅዳሜ ግን እሳቸው ከሚያሠለጥኗቸው ልጆች ጋር ሣር ሜዳ ላይ ተገኘሁ። ልምምዱ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ሁለት ሁለት ሆነን ጎን ለጎን እየነዳን ክርን ለክርን፣ ትከሻ ለትከሻ እንገፋፋለን። ሣር ስለሆነ ብትወድቅም ብዙ አያምም። የ17 ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ጣለኝ። እኔ 34 ነኝ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ሱሪዬ ሣር በሣር ሆኖ ታክሲ ተሳፍሬ ቤቴ ገባሁ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ሰው ሲነካኝ መደንገጥ ተውኩ። ድንጋጤው ነበር ወደ ኋላ ሲያስቀረኝ የከረመው። ሰው በተጠጋኝ ቁጥር ሳላውቀው ፍሬን እይዝ ነበር።

ቀጥሎ የሰንዳፋ መንገድ መጣ። በለገጣፎ አድርገን ስድስት ሰባት ሆነን በረድፍ እንነዳለን፣ ፊት ያለው ግማሽ ደቂቃ ያህል ንፋሱን ይቀበልና ወደ ጎን ወጥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። እዚያ የተማርኩት ትልቁ ነገር ተራዬ ሲደርስ አለመፍጠን ነው። እኔ ፊት ስሆን ጀግና መሆን ያምረኛል፣ እጨምራለሁ፣ ረድፉ ይበጣጠሳል፣ ከኋላ ስድብ ይመጣል። ሌላው ደግሞ የፊት ጎማህን ከፊትህ ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን እንዳታስገባ ነው። እሱ ትንሽ ዘወር ካለ የምትወድቀው አንተ ነህ። ይህን በቃል ሳይሆን በጉልበቴ ቆዳ ነው የተማርኩት። ፊት ያለው ሰው መንገድ ላይ ያየውን ጮሆ ያስተላልፋል። «ጉድጓድ!» «አሸዋ!» የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ «አህያ!» ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አሁን በየመንገዱ የብስክሌት መስመር መሠራቱ ጥሩ ነው፣ ለሥራ መሄጃ እጠቀምበታለሁ። ለልምምድ ግን አይሆንም። ሰው ይቆምበታል፣ ፎቶ ይነሳበታል።

ስለ ምግብ ሳልጽፍ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ዐቢይ ጾም ላይ ባዶ ሆዴን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወጥቼ ሰንዳፋን አልፈን ስንመለስ ጉልበቴ እንደ መብራት ጥፍት አለ። ደከመኝ ማለት አይደለም። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ማርሽ ለመቀየር ጣቴ አልታዘዝ አለኝ፣ ልጆቹ የሚያወሩት ከሩቅ ይሰማኛል። አንድ ሻይ ቤት አስገቡኝ። ሦስት ብርጭቆ ሻይ፣ በእያንዳንዱ አራት ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት ዳቦ። እማዬ እስካሁን አልሰማችም። ከዚያ ወዲህ ጾም ላይ ከባዱን ልምምድ ወደ ማታ አዛውሬያለሁ፣ ጠዋት ከወጣሁም ቀለል አድርጌ ነው። የናንተን አላውቅም፣ ይህ የየሰው ጉዳይ ነው።

በውድድር ቀን ያለው ሒሳብ ግን ለሁላችንም አንድ ነው። ለረጅም ውድድር በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ነው፣ ስለዚህ በሰዓት ሦስት ሙዝ ሊሆን ነው፤ እየነዱ ሦስት ሙዝ መላጥ ሞክሩትና ንገሩኝ። የውጭውን ጄል፣ እየነዱ አፍ ውስጥ የሚጨመቀውን ጣፋጭ፣ ሰው ሲመጣ ካላስላኩ አላገኝም። በሶ በጥብጬ ኮዳ ውስጥ ሞከርኩ፣ ጫፉን ደፈነው። ስጨምቀው ቆይቶ በአንዴ ተፈናጥሮ መነጽሬ ላይ አረፈ። አሁን በሶውን ከመነሳቴ ሁለት ሰዓት በፊት ወፍራም አድርጌ በጥብጬ እጠጣለሁ፣ ኮዳ ውስጥ ደግሞ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨውና ውሃ። ወደ 50 ግራም ይሆናል። ሆዴን አስቸግሮኝ አያውቅም።

ወደ ተራራው ልምጣ። የተራራ ብስክሌት ውድድር የገባሁት ከጎዳናው ሽንፈት በኋላ ነው፣ ምክንያቴም ግልጽ ነው፦ ዳገት አለ፣ ዩተርን የለም። ውድድሩ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ 4 ኪሎ ሜትር የሆነ አምስት ዙር ነው። ብስክሌቷን ተውሼ ነው የገባሁት። የመጀመሪያውን ዳገት አራተኛ ሆኜ ጨረስኩ። እውነት እላችኋለሁ፣ አራተኛ! ጫፍ ላይ ቁልቁለቱ ተጀመረ።

ባሕር ዛፍ ሥር የነዳ ሰው ያውቀዋል። ቅጠሉ ጤዛ ሲይዝ እንደ ሳሙና ነው። ከቅጠሉ ሥር ደግሞ ፍሬው አለ፣ ያቺ ጠንካራ ድብልብል ነገር፣ ጎማ ሥር ገብታ እንደ ብይ ትንከባለላለች። ያ ሳያንስ ጎማውን በማለዳ ጎሚስታ ጋ አስነፍቼ 50 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው) አድርጌዋለሁ፣ ጠንካራ ጎማ ይፈጥናል ብዬ። አስፋልት ላይ ይሆናል። እዚያ ግን ብስክሌቷ በየሥሩና በየድንጋዩ ላይ እንደ ኳስ ትነጥር ነበር። አንድ ኩርባ ላይ ትልቅ ድንጋይ አየሁ፣ እሱን እንዳልመታ አፍጥጬ አየሁት፣ እና ሄጄ መታሁት። የፊት ፍሬኑንም ጨምድጄ ስለነበር በመሪው ላይ አለፍኩ። ስነሳ አንዲት ጭራሮ የተሸከሙ እናት መንገዱ ዳር ቆመው «እኔን ልጄ! ምን አስቸኮለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። 22ኛ ጨረስኩ፣ ወደ ኋላዬ የነበሩት ሦስት ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የለወጥኩት ሦስት ነገር ብቻ ነው። በ64 ኪሎዬ፣ ባለ ከመነዳሪ ጎማ፣ 30 ፒኤስአይ አካባቢ እነፋለሁ፤ ከዚያ በታች ካወረድኩት ድንጋዩ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ይቀደዋል። ፍሬን ከኩርባው በፊት፣ ቀጥ ባለው ቦታ ላይ እጨርሳለሁ። ዓይኔን ደግሞ መሄድ የምፈልግበት ላይ አደርጋለሁ፣ ድንጋዩ ላይ አይደለም። ይሄ የመጨረሻው ሲጻፍ ቀላል ነው። አንድ ክረምት ሙሉ፣ አንዷን ኩርባ ብቻ፣ በየእሁዱ ሃያ ጊዜ እየወረድኩ በእግር ወደ ላይ እየገፋሁ ነው የለመድኩት። አሁንም ጎበዝ አይደለሁም፣ ግን ባለፈው የተራራ ውድድር ሳልወድቅ 9ኛ ሆኛለሁ። እና አስቂኙ ነገር፣ ቁልቁለት ላይ መዝናናት ስጀምር የጎዳናው ዩተርንም ቀለለኝ። ያው የፍሬንና የዓይን ነገር ነው።

መስከረም 2018 ላይ የኪጋሊውን የጎዳና ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና በስልክ ተከትያለሁ፣ በአፍሪካ ምድር የተደረገ የመጀመሪያው። የዋናው ወንዶች ውድድር 267 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ከ160 በላይ ባለሙያ ተነስቶ የጨረሱት 30 ብቻ ናቸው። እነዚያን ሰዎች አንድ በአንድ ሲቆረጡ ሳይ ያቺ የባጃጅ ቀን ትንሽ ቀለለችኝ።

እና ያለፈው እሁድ። ያው መንገድ፣ ያው ኮን። ዳገት የሚባል ነገር የለውም፣ የምመካበት አንድም ነገር የለም። ከመዞሪያው 300 ሜትር ሲቀር በጎን በኩል ወደ ፊት እየወጣሁ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ሆኜ ለመዞር ሞከርኩ። አስፋልቱ መሐል አንዱ ትከሻዬን ገፋኝ፣ እኔም ገፋሁት፣ ሣሩ ላይ እንደነበረው። ስምንተኛው መዞሪያ ላይ ተዘናግቼ ሃያኛ አካባቢ ሆኜ ዞርኩ፤ ያቺን አንድ ስህተት ለመጠገን ግማሽ ዙር ፈጀብኝ፣ እግሬ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ እዚያ ነው ያለቀው። መጨረሻው ላይ ስፕሪንቱ 400 ሜትር ሲቀር ተጀመረ። እኔ 250 ሲቀር ነበር የምጠብቀው። ቀድሜ ብነሳ ስድስተኛ ሰባተኛ እሆን ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ጋሼ ግን «አስብ፣ ማሰብ በነፃ ነው» አሉኝ።

ቀጣዩ የእንጦጦው ነው፣ ስድስት ሳምንት ይቀረዋል። ያለ ከመነዳሪ መንዳት ልሞክር ነው፣ በ24 ፒኤስአይ። ጎማው አለኝ፣ ቫልቭም አግኝቻለሁ፣ ውስጥ የሚገባው ቀዳዳ የሚደፍነው ፈሳሽ ግን ጠፋ። ትርፍ ያለው ሰው ካለ በጽሑፍ ያሳውቀኝ፣ ዋጋውን እንነጋገራለን። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ኮተቤ እንገናኛለን፣ የሣር ልምምድ ለምትፈልጉ አሮጌ ሱሪ ልበሱ።