በጾም ወደ ኑረምበርግ የገና ገበያ ለምትሄዱ

ወዳጆቻችን፣ ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርሰን። ጀርመንና አካባቢዋ ለምትኖሩ ደግሞ የገና ገበያውም አብሮ ገብቷል። የእኛ ጾም ኅዳር 15 ይያዛል። የኑረምበርጉ ገበያ የሚከፈተው ከመጀመሪያው የአድቬንት እሑድ (ከምዕራባውያኑ ገና በፊት ካሉት አራት እሑዶች ከመጀመሪያው) በፊት ባለው ዓርብ፣ ማለትም በዚያው በኅዳር አጋማሽ ነው። የሚዘጋው ዲሴምበር 24፣ ገና ሳይደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው አንድም የፍስክ ቀን የለንም። ቋሊማው በየማዕዘኑ እየተጠበሰ ጾመኛ ምን ይሠራል? መሄዱን እንመክራለን፤ ሰዓቱንና የሚበላውን ለይቶ ማወቅ ነው ቁም ነገሩ።

ገበያው የሚቆመው ሃውፕትማርክት በተባለው አደባባይ፣ በእመቤታችን ስም ከተሠራችው ፍራውንኪርሸ ፊት ለፊት ነው። የገበያው ስም በጽሑፍ የሚገኝበት ጥንታዊ ማስረጃ 1628 (እ.ኤ.አ.) የሚል ዓመተ ምሕረት የሰፈረበት የእንጨት ሣጥን ነው። ወደ 180 የሚጠጉት የእንጨት ሱቆች ቀይና ነጭ መስመር ያለው ሸራ ለብሰው ይደረደራሉ። በመክፈቻው ዕለት 11 ሰዓት ተኩል ላይ (ቲኬትና ማስታወቂያ ላይ 17፡30 ይላል) ክሪስትኪንድ የምትባለው ወርቃማ ጸጉርና ዘውድ ያላት ልጅ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሰገነት ላይ የመክፈቻውን ግጥም ታሰማለች። ብዙ ሐበሻ መልአክ ትመስለዋለች፤ የምትወክለው ግን ሕፃኑን ክርስቶስን ነው። ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 19 ከሆኑ የከተማዋ ልጃገረዶች መካከል በየሁለት ዓመቱ ትመረጣለች። እውነቱን ለመናገር መክፈቻው ለማየት አይመችም፤ አደባባዩ ጢም ብሎ ስለሚሞላ ሕፃን በጋሪ ይዞ መግባት አይሞከርም። ለልጆች ሐንስ ዛክስ ፕላትስ ላይ መሽከርከሪያ ያለው የራሳቸው ገበያ አለ፤ ከዋናው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሰዓቱን እንዲህ ያዙት። ገበያው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው። በዚህ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው 10 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው 8 ሰዓት ላይ ቢደርስ ዕቃውን በብርሃን አይቶ ይመርጣል፣ 9 ላይ ይቀምሳል፣ 10 ሰዓት አልፎ መብራቱ ሲደምቅ እዚያው ይገኛል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሂዱ። ቅዳሜ ማታ የሚታየው ሱቁ ሳይሆን የፊተኛው ሰው ጀርባ ነው። ከሙኒክ ወይም ከሌላ የባየርን ከተማ በቡድን የምትመጡ ባየርን ቲኬት ያዋጣችኋል፤ እስከ 5 ሰው ይይዛል፣ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይሠራል። የሚያገለግለው ግን ለክልል ባቡር ብቻ ነው። ፈጣኑ አይሲኢ ላይ ይዛችሁት ከወጣችሁ ቲኬት እንደሌላችሁ ትቆጠራላችሁ። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ገበያው ድረስ በኮኒግሽትራሰ ቀጥ ብሎ የሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ብርዱ የሚገባው ከእግር በኩል ስለሆነ ከካፖርት በፊት ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አስቡ። ዝርዝር ዩሮም ያዙ፤ ካርድ የማይቀበል ሱቅ አሁንም አለ፣ መጸዳጃ ቤቱም ሳንቲም ይጠይቃል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ በእሳት የተጠበሰው ማሮኒ (ቼስትነት የሚባለው ፍሬ) ያለ ጥርጥር የጾም ነው። ሌብኩኽን የሚባለው ቅመም የበዛበት የከተማዋ ብስኩት ግን ያታልላል። ምርጡ ኤሊዘን ዱቄቱ ከ10 በመቶ አይበልጥም፣ ቢያንስ 25 በመቶው አልመንድ፣ ሄዝልነት ወይም ዋልነት ነው፤ የሚያያዘው ግን በእንቁላል ነው። የታሸገውን ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፤ አለርጂ የሚያስነሡ ነገሮች ጎላ ብለው ስለሚጻፉ «አይ» (Ei፣ እንቁላል) እና «ሚልሽ» (Milch፣ ወተት) የሚሉትን ፈልጉ። «ቪጋን» የሚል ካለ ተገላገላችሁ። የድንች ቂጣውም ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። የድንች ጥብስ ስትገዙ ዘይቱ ሥጋ የተጠበሰበት እንዳይሆን ጠይቁ። ትኩሱ ወይን፣ ግሉቫይን፣ አልኮሉ ቢያንስ 7 በመቶ ነው፤ ስኳሩና ሙቀቱ ስለሚሸፍኑት በባዶ ሆድ ቶሎ ይይዛል። አልኮል የማትፈልጉ «ኪንደርፑንሽ» ብላችሁ እዘዙ። ሒሳቡ ከጠበቃችሁት በላይ ሲሆን አትደንግጡ፤ የስኒው መያዣ ተጨምሮበት ነው። ስኒውን ስትመልሱ ይመለስላችኋል፤ ለማስታወሻ ከወሰዳችሁት ደግሞ መያዣው ዋጋው ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚሻለው በስኳር የተጠበሰው አልመንድ ነው። ቤትም በቀላሉ ይሠራል። 200 ግራም ያልተላጠ አልመንድ፣ 200 ግራም ስኳር፣ 100 ሚሊ ሊትር ውኃና አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ ሰፋ ባለ መጥበሻ አፍሉ። ውኃው ሲመጥ ስኳሩ ደርቆ አሸዋ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተበላሸ ብሎ ያወርደዋል፤ አልተበላሸም። እሳቱን ቀንሳችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ፤ ስኳሩ እንደገና መቅለጥ ይጀምርና አልመንዱን እያብለጨለጨ ይለብሰዋል። ግማሹ ሲያብለጨልጭ አውጡት፣ ሁሉም እስኪቀልጥ ከጠበቃችሁ ያራል፣ ይመራልም። መጋገሪያ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ሳይጠነክር በሁለት ሹካ ለያዩት። ትኩሱን እንዳትቀምሱ፣ የቀለጠ ስኳር ምላስ ይልጣል።

ለስጦታ ከደረቅ ፕሪም፣ ከበለስና ከዋልነት የሚሠሩት ትንንሽ ሰዎች የከተማዋ መለያ ናቸው፤ ለጌጥ እንጂ ለመብላት አይደሉም። አገር ቤት የምትበሩ፣ በረዶ የሚያዘንበው የመስታወት ኳስ ውስጡ ፈሳሽ ስለሆነ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ የእጅ ሻንጣ ፍተሻ ላይ ሊቀር ይችላል፤ በልብስ ጠቅልላችሁ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት።

ሽቶለንን ለመጨረሻ ያቆየነው አለምክንያት አይደለም። ይህ ዘቢብ የበዛበት የድሬዝደን ዳቦ ዛሬ በቅቤ የራሰ ነው፤ ጥንት ግን የጾም ዳቦ ነበር። ምዕራባውያኑም አድቬንትን ይጾሙ ስለነበር ቅቤ ተከልክሎ በዘይት ብቻ ይጋገር ነበር። የሳክሶኒ መሳፍንት ደጋግመው ሮምን ከለመኑ በኋላ ጳጳሱ ኢኖሰንት 8ኛ በ1491 (እ.ኤ.አ.) «የቅቤ ደብዳቤ» በሚባለው ጽሑፍ ፈቀዱላቸው። የእኛ ጾም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ስላልመጣለት ሽቶለኑን ገዝታችሁ አስቀምጡት። ይህ ደግሞ ለዳቦው ይስማማዋል፤ ቅመሙና ዘቢቡ እስኪዋሐዱ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲያርፍ ነው የሚጣፍጠው። በመጠቅለያው እንዳለ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አኑሩት፤ ፍሪጅ ውስጥ ግን ይደርቃል። ስትቆርጡ ከመሐል ጀምራችሁ ሁለቱን ግማሾች መልሳችሁ ግጠሙ፣ የተቆረጠው ፊት እንዳይደርቅ። ገበያው ሳይዘጋ ከገዛችሁት ለገና ማለዳ ይደርሳል፤ ከዶሮው በኋላ ከቡናው ጋር አቅርቡት። መልካም ጾም፣ መልካም የገና በዓል ይሁንላችሁ።