የመንገድ ጠቋሚው ስክሪን ለማን ዓይን ተሠራ?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በአዳማ ጎዳናዎች ላይ ከመሪው ጎን ሰፊ ስክሪን ያላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። ከሚነዷቸው መካከል እንደ አጎቴ ያሉ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰዎች በመኖራቸው ጉዳዩ በእጅጉ ያሳስበኛል።

ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ ከሩቁ አስፋልት ወደ ቅርቡ ስክሪን ተሸጋግሮ አጥርቶ ለማየት ከወጣት ዓይን የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። በ60 ዓመት ገደማ ደግሞ ብሌኑ ስለሚጠብና ሌንሱ ስለሚደበዝዝ፣ ወደ ዓይን ውስጠኛ ክፍል የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ማታ ነጭ ካርታ ካዩ በኋላ ጨለማውን መንገድ እንደገና ለመልመድም ይቸገራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር የትራፊክ ደኅንነት ፋውንዴሽን ከዩታ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባወጣው ጥናት፣ ከ55 እስከ 75 ዓመት የሆናቸው አሽከርካሪዎች አድራሻ እንደ ማስገባት ያለ ሥራ ሲሠሩ ዓይናቸውና ሐሳባቸው ከመንገድ የተነሣበት ጊዜ፣ ከ21 እስከ 36 ዓመት ከሆናቸው ከ8 ሰከንድ በላይ ረዝሞ ተገኝቷል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና 8 ሰከንድ ከ130 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ርቀት ውስጥ ስንት ባጃጅ ድንገት ሊታጠፍ እንደሚችል የአዳማ ሰው ያውቀዋል።

ሆኖም ጥፋቱን በዕድሜ ላይ ብቻ መጫን ተገቢ አይመስለኝም፤ ዕድሜን መመለስ አይቻልም፣ ስክሪንን ግን አስተካክሎ መሥራት ይቻላል። ስክሪኑ ወደ ማርሹ ዝቅ ብሎ ሲገጠም አሽከርካሪው አንገቱን ደፍቶ ማየት ግድ ይሆንበታል፤ ወደ መስታወቱ ከፍ ሲል ግን የፊቱ መንገድ ከእይታው አይጠፋም። የካርታው አቅጣጫም እንዲሁ ወሳኝ ነው፦ ሰሜንን ሁልጊዜ ወደ ላይ በሚያደርግ ካርታ ከአዳማ ወደ አሰላ፣ ማለትም ወደ ደቡብ፣ የሚነዳ ሰው በቀኙ ያለው መታጠፊያ በስክሪኑ ላይ በግራ በኩል ይታየዋል። ይህን በሐሳብ አዙሮ መረዳት ከዕድሜ ጋር እየዘገየ የሚሄድ ችሎታ ነው። ካርታው ከመኪናው ጋር እንዲዞር ማድረግ የቅንብር ጉዳይ ብቻ ሲሆን፣ አጎቴ ይህ ከተስተካከለላቸው ወዲህ መታጠፊያ ላይ ማመንታታቸው በግልጽ ቀንሷል።

ስለዚህ ለወላጆቻችሁ መኪና የምትመርጡ ሁሉ የስክሪኑን ስፋት ብቻ አትዩ። ማታ መሪው ላይ አስቀምጣችኋቸው ፊደሉን ያለ ጭንቀት ማንበብ፣ ብርሃኑንም ራሳቸው መቀነስ መቻላቸውን አረጋግጡ፤ አድራሻውንም መኪናው ከመነሣቱ በፊት አስገቡላቸው።