ውሃችን በሌሊት የት ይሄድ ነበር?

የውሃ ቢላችን ከወር ወር ሲጨምር መጀመሪያ የተቆጣሁት ልጆቼን ነበር። «ጥርሳችሁን ስትቦርሹ ቧንቧውን ዝጉ!» እያልኩ መግቢያ መውጫ አሳጣኋቸው። ዘጉ። የሚቀጥለው ወር ቢል ግን ያው ሆነ።

አንድ ቀን ማታ ቆጣሪውን ለማንበብ ወሰንኩ። የኛ ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኪዩብ ናቸው፤ አንዱ 1,000 ሊትር ማለት ነው። ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ያሳያሉ። ሁሉም ከተኛ በኋላ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ተመልሼ አየሁ። 70 ሊትር ቆጥሯል! በሰዓት 10፣ በቀን 240 ሊትር መሆኑ ነው። ደነገጥኩ። ጠዋት ልጆቹን ቁጭ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ውሃው የሚሄደው በሽንት ቤቱ ነበር። ድምፅ የለው፣ መሬት ላይ የሚታይ እርጥበት የለው። የውሃ ሳጥኑን ክዳን አንስቼ ቀይ የምግብ ቀለም ጠብ ጠብ አደረግኩበት። 20 ደቂቃ ማንም እንዳይጠቀም ከለከልኩ። ስመለስ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቀልቷል። ሳጥኑ ሥር ውሃውን የሚይዘው ጎማ ደርቆ ጠርዙ ተጣሟል። በዚያች ክፍተት እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ሌት ተቀን ይወርዳል። ወደ ሳጥኑ የሚገባውን ውሃ ዘግቼ ጎማውን ቀየርኩ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። በማግስቱ ሌሊት ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ወዲህ ሳልለካ ማንንም አልወቅስም። ሻወሩንም ለካሁት። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ሥሩ አስቀምጬ ሰዓት ያዝኩ፤ በ2 ደቂቃ ሞላ። 8 ደቂቃ የቆመ ሰው 80 ሊትር ይጠቀማል ማለት ነው። አሁን ሳሙና ስንቀባ እንዘጋለን። ሙቅ ውሃው እስኪመጣ የሚወርደውን ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ በባልዲ እንይዘዋለን። በየጊዜው 6 ሊትር ገደማ ይገኛል፤ ንጹሕ ስለሆነ ለማንኛውም ነገር ይሆናል።

የተሳሳትኩበትም አለ። ሽንት ቤቱ አሮጌ ነው፣ አንዴ ሲለቀቅ ብዙ ውሃ ያፈሳል። ሳጥኑ ውስጥ ጡብ ብታስቀምጥ ይቀንስልሃል ሲሉኝ አስቀመጥኩ። ጡቡ ውሃ ውስጥ እየፈረፈረ አዲሱ ጎማ ሥር አሸዋ ገባ። እንደገና ማፍሰስ! ጡቡን አውጥቼ ውሃ የሞላሁበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ተካሁ። ሁለት ጠርሙስ ስጨምር ግን ውሃው ኃይል አጥቶ ሁለቴ መልቀቅ ግድ ሆነ። ሁለት ጊዜ ከተለቀቀ ቁጠባው የቱ ላይ ነው? አንድ ጠርሙስ በቂ ነበር።

የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ለሽንት ቤት ይበቃል። በባልዲ አንዴ ቸለስ ማድረግ ነው፣ ራሱ ይወስደዋል። ሲያድር ስለሚሸት ግን የዕለቱን በዕለቱ እንጨርሳለን። አትክልት የታጠበበት ውሃ ወደ አበቦቹ ይሄዳል።

ቆጣሪውን ፎቶ ማንሳት አሁን የትልቋ ልጄ ሥራ ነው። ባለፈው ሰሞን ወጥ ቤት ያለው ቧንቧ በሴኮንድ አንዴ ጠብ ማለት ጀመረ። እንዲህ ያለችውን ጠብታ ቆጣሪው ላይቆጥራት ይችላል፤ እኔም «ቅዳሜ አየዋለሁ» ብዬ ተኛሁ። እሷ ግን ሳትነግረኝ ማሰሮ ደቅና አደረች። ጠዋት ወደ ጠርሙስ ገልብጣ አንድ ሊትር ከምናምን አሳየችኝ። ቅዳሜን አልጠበቅኩም፤ ቁርስ ሳልበላ ጎማውን ቀየርኩት።