ከአፍ የማትጠፋ ዜማ ፍለጋ፣ በባቲ ቅኝት

ስሙዝ ጃዝ የያዘኝ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ሳክስፎን መጫወት ስጀምር ነው። ሰው እራቱን እየበላ፣ እያወራ የሚሰማው ሙዚቃ ስለሆነ ብዙዎች ቀላል ይመስላቸዋል። እኔ ግን በ1980 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የወጣውን የግሮቨር ዋሽንግተን ጁኒየርን «ዋይንላይት» አልበም ሰምቼ ስተኛ፣ ጠዋት ፊቴን ስታጠብም ሳክስፎኑ ከጭንቅላቴ አልወጣ ይለኝ ነበር።

እንዲህ ያለች አጭር የመሣሪያ አዝማች ራሴ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። ሦስት ወር ሙሉ የሠራሁት ሁሉ አልሆነም። ጣቴ ፈጣን ስለሆነ ኖታ እደረድራለሁ፤ ስጨርስ እኔው ራሴ መልሼ ማንጎራጎር ያቅተኛል። ኪቦርድ የሚጫወቱልን ጋሼ ሰምተውኝ፣ «አብሽር፣ ዜማው አለ እኮ! መተንፈሻ ነሳኸው እንጂ» አሉኝ።

መፍትሔው ደጄ ላይ ነበር። የባቲ ሜጀር ቅኝት ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። ፋን ትታችሁ የቀሩትን አራቱን ባንድ ላይ ምቷቸው፤ ስሙዝ ጃዝ እጅግ የሚወደው የሜጀር ሰቨን ኮርድ ይወጣል። ኪቦርዱ ላይ ስሞክረው ደንግጬ እጄን አነሣሁ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር እንዳዋሐደ ድሮም አውቃለሁ፤ በገዛ ጣት ማግኘቱ ግን ሌላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሳክስፎኑን አስቀምጬ በአፌ ብቻ መሥራት ጀመርኩ። በአንድ ትንፋሽ የማላንጎራጉረውን ሁሉ ጣልኩ። የቀረችው ከደሴ በሚኒባስ የሃረጎን ቁልቁለት ስንወርድ የመጣችልኝ ናት፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ብላ ትወጣለች፣ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ሲ ላይ ዘላ ትቆያለች። ያቺ ዝምታ ዋናዋ ናት። ሁለት ጊዜ እንዳለች ትደገማለች፤ በሦስተኛው ግን ወደ ዶ አትመለስም፣ ፋ ላይ ትቆማለች። ጆሮ ያልተዘጋ ነገር ሲተዉበት ራሱ ሊጨርሰው ይሞክራል፤ እኔን ያሰለቸኝ ያ የጠዋቱ ዜማም በዚሁ መንገድ ነበር የያዘኝ። ቀድቼም ለሁለት ቀን ሳልሰማት ተውኳት። በሦስተኛው ቀን ያስታወስኩትን ብቻ ያዝኩ።

በሆቴሉ ስንለማመድ ቡና የምታፈላው ልጅ ሲኒ እያጠበች ስታንጎራጉራት ሰማኋት። ደስታዬን መግለጽ ያቅተኛል። ግን አንድ ነገር ለውጣ ነበር፤ ሲ ላይ ከመድረሴ በፊት የጨመርኳትን ጌጥ ኖታ ዘላታለች። አብረን ደጋግመን ሞከርነው፤ ጋሼም ኮርዱን ይዘው ራሳቸውን ነቀነቁ። አሁን አርብ ማታ የምንጫወተው እሷ ያንጎራጎረችውን ነው።